የዙር ውድድር ቀንና የቤተ ሰብ ድርሻ

የአንድ ከተማ የቢስክሌት ማኅበር በዓመት አንድ ቀን መንገድ አዘግቶ የዙር ውድድር ሲያደርግ፥ ሕዝቡ የሚያየው ከመነሻው እስከ መድረሻው መሥመር ያለውን ብቻ ነው። የወጣቶቹን ጕልበት ያደንቃል፤ ፊተኛ የሆነውን በጭብጨባ ይቀበላል፤ ከዚያም በኋላ ወደየቤቱ ይበተናል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ በስተ ኋላ አንድ ቤት አለ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ገንፎ ያገነፋች እናት፥ ለጎማ መግዣ ከደመወዙ ቀንሶ ያስቀመጠ አባት፥ የታላቅ ወንድሟን ቢስክሌት የምትጠባበቅ እኅት በዚያ ቤት ይገኛሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ቤት ነው። ልጄን ልፍቀድለት ወይስ ልከልክለው እያሉ በሐሳብ ለሚጨነቁ ወላጆች ይጠቅም ዘንድ፥ የዙር ውድድር ምን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚያስተምርና ከቤተ ሰብ ምን እንደሚፈልግ እንገልጻለን።

ውድድሩ በአካባቢያችን የታወቀው እንዴት ነው?

በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የቢስክሌት ውድድር ከሁሉ ይልቅ የተወደደባቸው ከተሞች አስመራና መቀሌ ናቸው። በአስመራ በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ገዥዎቹ ለራሳቸው ውድድር ያደርጉ ነበር፤ የአገሩን ተወላጆች ግን ከእነርሱ ጋር አያሰልፏቸውም ነበር። በኋላ፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1939፥ የሁለቱ ወገን ኀይል ይፈተን ተብሎ አብረው እንዲወዳደሩ ቢፈቀድ፥ ገብረ ማርያም ገብሩ የተባለው የአገሩ ልጅ ኢጣልያኖቹን ቀድሞ ገባ። የነጭ ዘር በተፈጥሮው ይበልጣል የሚለው የቅኝ ገዥዎች ስብከት በአንድ ሰው እግር በአደባባይ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ የኤርትራ ዙር የተባለው የብዙ ቀን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተደርጎ 34 ሰዎች ተሰለፉ። ይህም ውድድር ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ከቈየ በኋላ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2001 እንደ ገና ተቀጠለ።

ኢትዮጵያም በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለች ጊዜ፥ ከሯጮቿ ጋር የቢስክሌት ጋላቢዎችን ልካ ነበር። የመንገዱ ውድድር የተደረገው በዙር ሲሆን፥ ተወዳዳሪዎቹ አንዱን መንገድ 11 ጊዜ እየዞሩ በጠቅላላው ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ነበረባቸው። ፊተኛ የሆነው ኤርኮሌ ባልዲኒ የተባለው ኢጣልያዊ ነው። ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሆኖ ገባ፤ የኢትዮጵያም ቡድን በቡድን ቈጠራ 9ኛ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ጋር ለተሰለፈ አገር ይህ ደረጃ ትንሽ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ብናወሳ፥ በ2007 ዓ.ም. ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለ ሃይማኖት በፈረንሳይ ዙር ለተራራ ወጪዎች የሚሰጠውን ነጠብጣብ ልብስ ለበሰ። በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በዚሁ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ በፈረንሳይ ዙር ሦስት ቀን ድል አድርጎ አረንጓዴውን ልብስ እስከ መጨረሻው ጠበቀ። እነዚህ ሁሉ ወደ ታላቁ አደባባይ ከመውጣታቸው በፊት በልጅነታቸው ያደጉት በአገራቸው መንገድ ላይ ነው።

የዙር ውድድር ማለት ምንድር ነው?

የቢስክሌት የመንገድ ውድድር ብዙ ዓይነት አለው። ከአንዱ ከተማ ተነሥቶ በሌላው ከተማ የሚያልቅ አለ፤ እየአንዳንዱ ብቻውን በሰዓት እየተለካ የሚሮጥበት አለ፤ አንዱን መንገድ ደጋግሞ የሚዞሩበትም አለ። በከተማ ውስጥ የሚደረገው አጭሩ ዙር በዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበር ደንብ ከ800 ሜትር እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ለአንድ ትንሽ ማኅበር ይህ ዓይነቱ ውድድር እጅግ የተመቸ ነው። የሚዘጋው መንገድ ጥቂት ነው፤ ዳኞቹ ሁሉን ከአንድ ስፍራ ሆነው ይቈጣጠራሉ፤ የወደቀ ቢኖር ሐኪሙ ቶሎ ይደርስለታል።

ለቤተ ሰብ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ከከተማ ወደ ከተማ በሚደረገው ውድድር እናት ልጅዋን የምታየው እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዙር ውድድር ግን ደጋግማ ታየዋለች። በመጀመሪያው ዙር ፊቱ ሲያበራ፥ በዐሥረኛው ሲገረጣ፥ በመጨረሻው ጥርሱን ነክሶ ሲታገል ትመለከታለች። የልጅዋን ጠባይ በቤት ውስጥ በብዙ ዓመት ካወቀችው ይልቅ በዚያች በአንዲት ሰዓት ታውቀዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደንቡ ቀላል ነው። የቀረው ዙር ቍጥር በሰሌዳ ላይ ይታያል፤ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ደወል ይደወላል። የፊት መንኰራኵሩ ጎማ አስቀድሞ መሥመሩን የነካ እርሱ ፊተኛ ነው። ፊተኞቹ ዞረው የደረሱበትን ሰው ዳኞቹ ብዙ ጊዜ ከውድድሩ ያወጡታል። ይህ የሚደረገው ለማዋረድ ሳይሆን፥ ቀርፋፋውና ፈጣኑ በጠባብ መንገድ ተደባልቀው እንዳይጋጩ ነው።

የነፋስ ትምህርት

ተመልካች ብዙ ጊዜ፥ ጐበዝ የሆነ ልጅ ለምን ከመጀመሪያው ጀምሮ ብቻውን አይሄድም ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በነፋስ ውስጥ ይገኛል። በሜዳ መንገድ ላይ በፍጥነት የሚሄድ ሰው ከጕልበቱ አብዛኛውን የሚጨርሰው አየሩን ለመክፈል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ መከላከል አራት እጥፍ ይሆናል። ከሌላው ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ግን የፊተኛው አየሩን ስለ ከፈለለት ከሩብ እስከ ሦስተኛ እጅ ያህል ጕልበት ይቈጥባል። ስለዚህ የአንድ ማኅበር ልጆች በተራ እየቀደሙ፥ በተራ እያረፉ ይሄዳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ ላይ በዓይን ይታያል።

በዚህ ውስጥ ለወጣት ታላቅ ትምህርት አለ። ሁልጊዜ በሌላው ጀርባ ተሸሽጎ፥ ነፋሱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀበል በመጨረሻ ብቅ ብሎ ድሉን የሚወስድ ሰው በደንቡ ጥፋተኛ አይባልም፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ያውቁታል። ደግሞም ከማኅበሩ አንዱ እንዲያሸንፍ ሌሎቹ ጕልበታቸውን ጨርሰው በመጨረሻው ዙር ወደ ኋላ ሲቀሩ ይታያል። የእነዚህ ስም በጋዜጣ አይጻፍም። እንግዲህ አባት ወይም እናት ልጃቸው 30ኛ ሆኖ ቢገባ ከመቈጣታቸው አስቀድመው፥ ዛሬ የማን ረዳት ነበርህ ብለው ሊጠይቁት ይገባል። ምናልባት የፊተኛው ዋንጫ ግማሽ የእርሱ ሊሆን ይችላል።

እንደ አስመራና እንደ መቀሌ ባለ ከባሕር ጠረፍ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ፥ በሜዳ ላይ ቢስክሌቱን የሚከለክለው ኀይል ያንሳል። ዳሩ ግን ያው የሳሳ አየር ለሳንባ የሚሰጠው ኦክሲጅን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከቈላ ወጥቶ የመጣ እንግዳ ተወዳዳሪ ቶሎ ይደክማል። የደጋው ልጅ ግን ሰውነቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዶታል።

የእናት ማሰናዳት

ለውድድር ምግብ ብርቅና ውድ ነገር አያስፈልግም፤ የአገራችን ማዕድ ይበቃል። በውድድሩ ዋዜማ ማታ እንጀራ፥ ሩዝ ወይም መኰረኒ ቅባት ሳይበዛበት ይብላ። በማለዳ ውድድሩ ከመጀመሩ ሦስት ሰዓት ያህል በፊት ገንፎ ወይም ዳቦ ከማር ጋር መልካም ነው። ቅቤ የበዛበት ወጥ፥ ሆድ የሚነፋ ባቄላና ጥሬ ሥጋ ለሌላ ቀን ይቈዩ። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው፥ በልምምድ ቀን ያልተሞከረ ምግብ በውድድር ቀን እንዳይሞከር ነው።

ውድድሩ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ከሆነ በመንገድ ላይም መመገብ ያሻል። ሰውነት በአንድ ሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም የሚሆን የስኳርና የእህል ኀይል ሊጠቀም ይችላል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። ስኳርና ጥቂት ጨው የተጨመረበት ውሃ፥ ወይም ቀጠን ብሎ የተበጠበጠ በሶ በብዙ ገንዘብ ከሚገዛው መጠጥ አያንስም። ልጁ ጥማት እስኪያቃጥለው ሳይጠብቅ ጥቂት ጥቂት እያለ ይጠጣ።

ስለ ጾምም የሚጠይቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። የጾም ምግባችን እህልና አትክልት ስለ ሆነ ለጋላቢ የሚስማማ ነው። አደጋ የሚኖረው ልጁ ምንም ሳይቀምስ እስከ ቀትር በኋላ ረጅም መንገድ ሲጋልብ ነው፤ ራሱን ሊያዞረውና ሊጥለው ይችላልና። ስለዚህ ወላጆች አስቀድመው ከአሠልጣኙና ከነፍስ አባታቸው ጋር ተመካክረው የልምምዱን ሰዓት ወይም ጕልበቱን ቢያስተካክሉ ሃይማኖቱም ጤናውም ይጠበቃል።

እንቅልፍን አንርሳ። በማደግ ላይ ያለ ወጣት በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ዘመድ አዝማድ በዋዜማው ማታ ተሰብስቦ እስከ እኩለ ሌሊት ቢያጫውተው፥ በፍቅር ምክንያት ጕልበቱን ይሰርቀዋል።

የአባት ምርመራ

ቢስክሌቱን በዋዜማው መመርመር የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ሥራ ይሁን። ፍሬኑ ሁለቱም በደንብ ይያዝ፤ ጎማው ያልተሰነጠቀ ይሁን፤ ካቴናው ተጠርጎ ጥቂት ዘይት ይቀባ፤ መንኰራኵሮቹ በሚገባ መታሰራቸው ይታይ። ኮርቻው ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ጕልበቱ ጥቂት ብቻ ዕጥፍ እስኪል ድረስ ከፍ ይበል፤ ኮርቻ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ጕልበትን ያሳምማል። የመሪው ሁለት ጫፎች በቡሽ ወይም በመክደኛ መደፈናቸውን መመልከት አይዘንጋ። ክፍት የሆነ የብረት ቧንቧ በመውደቅ ጊዜ ሥጋ ይበሳልና፥ ይህችን ትንሽ ነገር ችላ ማለት ብዙ ያስከፍላል።

ስለ ራስ ቍር ምንም ክርክር ሊኖር አይገባም። በ1995 ዓ.ም. አንድሬ ኪቪሌቭ የተባለው የካዛክስታን ተወዳዳሪ በፈረንሳይ አገር በውድድር ላይ ወድቆ በራሱ ጕዳት ከሞተ በኋላ፥ የዓለም አቀፉ ማኅበር በታላላቆቹ ውድድሮች የራስ ቍር ግዴታ እንዲሆን ደነገገ። እርሱ ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ እንግዲህ ጀማሪ ልጅ ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል? አንድ ጊዜ በብርቱ የተመታ የራስ ቍር ከውጭ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ሊሰበር ስለሚችል መለወጥ አለበት።

ልጁ ወድቆ ራሱን ከተመታ፥ ቢያዞረው፥ ቢያስመልሰው፥ ወይም የተናገረውን መልሶ ቢጠይቅ፥ ደኅና ነኝ እያለ ቢለምንም ወደ ቢስክሌቱ እንዲመለስ አይፈቀድለት፤ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የዋንጫ ዓመት ይመለሳል፤ የአንጎል ጕዳት ግን ላይመለስ ይችላል። በደስታ ጊዜም ቢሆን ጥንቃቄ አይጠላም። ቢንያም ግርማይ በ2014 ዓ.ም. በኢጣልያ ዙር ድል አድርጎ በክብር መድረክ ላይ ቆሞ ሳለ፥ ራሱ የከፈተው የወይን ጠጅ ጠርሙስ ቡሽ ተፈናጥሮ ዓይኑን መታውና በማግስቱ ውድድሩን ለመተው ተገደደ።

ስለ ሴቶች ልጆች

በብዙ ቤት ወንዱ ልጅ ቢስክሌት ሲገዛለት ሴቲቱ በሩ ላይ ቆማ ትመለከታለች። ይህ ነገር በእኛ ብቻ የነበረ አይደለም። በኦሎምፒክ የወንዶች የቢስክሌት ውድድር የተጀመረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ሲሆን፥ የሴቶች የመንገድ ውድድር የተፈቀደው በ1976 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ነው። ከዚህ እናያለን፤ ዓለም ሁሉ ለእኅቶቻችን መንገዱን የከፈተው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ቢስክሌት መጋለብ የሴት ልጅን ክብር ወይም መውለድን ይጐዳል እየተባለ የሚወራው በሕክምና ዕውቀት ዘንድ መሠረት የለውም። ልብንና ሳንባን ማጠንከሩ፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድ ማሳጠሩ፥ በራስ መተማመንን ማሳደጉ ግን የታወቀ ነው። ለእርስዋ በተለይ የሚያስፈልጋት፥ ለልምምድ ስትወጣ ብቻዋን እንዳትሆን ጓደኞችና የታመነ አሠልጣኝ ነው። ወላጆችም አሠልጣኙን በዓይናቸው አይተው፥ የልምምዱን ስፍራና ሰዓት ጠይቀው ማወቅ መብታቸውም ግዴታቸውም ነው።

የትግራይ ልጅ የሆነችው ኢየሩ ገብሩ ምን ያህል ጽናት ከሴት ልጅ ሊገኝ እንደሚችል አሳይታለች። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ በኋላ ከአገርዋ ወጥታ በስደት እየኖረች ልምምድዋን አልተወችም፤ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም በሴቶች የመንገድ ውድድር ተሰልፋለች። ቤትና አገር የጠፋበት ሰው እንኳ ቢስክሌቱን ካልጣለ፥ ቤቱ በሰላም ያለለት ልጅ በጥቂት ዝናብና ብርድ ሊሰንፍ አይገባውም።

ወደ ኋላ ለቀረው ልጅ የሚነገር ቃል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በአንድ ውድድር ላይ ድል የሚያደርገው አንድ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ይሸነፋሉ። ስለዚህ ከውድድሩ በኋላ በብዙ ቤት ራት ላይ የሚቀርበው ልጅ የተሸነፈ ልጅ ነው። ወላጆች በዚያች ሰዓት የሚናገሩት ቃል ልጁ ሲያስበው ይኖራል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የመንገድ ውድድር በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተደረገ። የታላላቆቹ ወንዶች ውድድር አብዛኛው በከተማው ዐቀበት ላይ በዙር የተደረገ ሲሆን፥ ርቀቱ 267 ኪሎ ሜትር ተኩል ነበር። ከመላው ዓለም ተመርጠው ከ160 በላይ ሰዎች ተነሡ፤ ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር ፊተኛ ሆነ፤ እስከ መጨረሻው የደረሱት ግን 30 ብቻ ነበሩ። ይህን ዕንጀራቸው ያደረጉ፥ ሐኪምና ወጌሻ የሚከተላቸው ሰዎች እንኳ ከመንገድ ሲወጡ፥ የ17 ዓመት ልጅ በማኅበሩ ዙር ላይ ቢደክም ምን ነውር አለበት?

ስለዚህ ልጁን መጀመሪያ ውሃና ምግብ እንስጠው፤ ደረቅ ልብስ እናልብሰው፤ ይናገር ዘንድ እንጠብቀው። የጎረቤትን ልጅ ስም አንጥራበት። የወጣውን ገንዘብም በዚያ ማታ አንቍጠርበት። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ከየትኛው ዙር ጀምሮ እንደ ደከመ፥ በልቶና ጠጥቶ እንደ ነበረ፥ በየትኛው መታጠፊያ ላይ እንደ ፈራ በዝግታ ቢጠየቅ ራሱ ጕድለቱን ያገኘዋል። በዚህ መንገድ ያደገ ልጅ በትምህርቱም በሥራውም ሲሰናከል ተነሥቶ መሄድን ያውቃል። ሽንፈትን ከቤቱ ቍጣ የተነሣ የሚፈራ ልጅ ግን፥ ወይ ውድድሩን ይተዋል፥ ወይም ለማሸነፍ ሲል ወደ ተንኰልና ወደ ተከለከለ መድኀኒት ሊያዘነብል ይችላል።

ለተመልካች

በመጨረሻ በመንገዱ ዳር ለሚቆሙ ሁሉ ጥቂት ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ትናንሽ ልጆችን በእጅ መያዝ፥ ውሻን በቤት ማሰር፥ ከመታጠፊያው ውጫዊ ዳር ፈቀቅ ብሎ መቆም ይገባል፤ በፍጥነት የሚዞር ቢስክሌት ሲስት የሚሄደው ወደዚያው ነውና። አንዱ ጭፍራ ካለፈ በኋላ መንገዱ ባዶ መሰለኝ ብሎ መሻገር አደጋ ነው፤ በዙር ውድድር ላይ ሁልጊዜ የሚከተል አለ። ፊተኛው ከገባ በኋላም ቶሎ አንበተን፤ የመጨረሻው ልጅ እስኪደርስ ቆይተን እናጨብጭብለት። እርሱም እንደ ፊተኛው ያንኑ መንገድ ዞሯል፤ በነፋሱም ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰዓት የቈየው እርሱ ነው።